የቀድሞ ጀግኖች በአንድ ማኅበር
(ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ አንድ መጽሐፍ ንግግር እንድናደርግ በተፈቀደልን ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ስለ አንድ ታላቅ ባለ ቅኔ ወይም ስለ አንድ ፈላስፋ የምንናገር መስሏቸው ነበር። እኛ ግን የመረጥነው በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ነው። የሥዕል መጽሐፍ የሕፃን መጫወቻ ነው የሚሉ ወላጆች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ከእነርሱም ጋር አንጣላም፤ አብዛኛው በእርግጥ እንዲሁ ነውና። ይህኛው ግን ሕፃን ሊያነበው የማይገባ ነው። ደም የሚፈስበትና ለዐይን የሚያሳፍር ገጽ ስላለበት ለታናናሾቻችን እንዲሰጥ አንለምንም፤ ዛሬም የምንናገረው በዚህ አዳራሽ ላለው ጆሮ ሁሉ የሚስማማውን መርጠን ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ዘ ሊግ ኦቭ ኤክስትራኦርዲነሪ ጀንትልመን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የድንቅ ጨዋዎች ማኅበር» ብንለው ይስማማል። ደራሲው አለን ሙር፣ ሠዓሊው ኬቪን ኦኒል ይባላሉ፤ ሁለቱም በ1953 የተወለዱ እንግሊዞች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል በ1999 መታተም ጀመረ፤ የመጨረሻው በ2019 ተፈጸመ። ሁለት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ታሪክ አብረው መሥራታቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ኦኒል በ2022 ዐረፈ። ይህ ሠዓሊ የእጁ አጣጣል እጅግ ሹል ስለ ነበረ፣ በ1980ዎቹ ውስጥ በአሜሪካ የሥዕል መጽሐፎችን የሚመረምረው የቁጥጥር ክፍል አንድ ሥራውን ሲከለክል፣ የትኛው ሥዕል ይታረም ተብሎ ቢጠየቅ ጥፋቱ በአሣሣሉ በሙሉ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ለአንድ ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምስጋና መኖሩን እንጠራጠራለን።

የታሪኩ ሐሳብ እንዲህ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር ብዙ የጀብዱ ልብ ወለዶች ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ደራሲ የራሱን ጀግና ፈጥሮ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አኖረው። ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ በ1885 በወጣው «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» አለን ኳተርሜን የሚባለውን አዳኝ ፈጠረ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 ዶክተር ጄኪልንና በእርሱ ውስጥ የተደበቀውን ክፉውን ሚስተር ሃይድን አመጣ። ኤች ጂ ዌልስ በ1897 የማይታየውን ሰው፣ ብራም ስቶከር በዚያው ዓመት ድራኩላ የሚባለውን ደም መጣጭና ከእርሱ እጅ ያመለጠችውን ሚና መሪን አስተዋወቁን። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚኖረውን ካፒቴን ኔሞን በ1870 ለዓለም ሰጥቶ ነበር። አለን ሙር እነዚህን ሁሉ ከየመጽሐፋቸው አውጥቶ፣ ሁሉም በአንድ ዘመንና በአንድ ዓለም እንደ ኖሩ አድርጎ፣ በ1898 በእንግሊዝ መንግሥት የስለላ ክፍል ሥር ማኅበርተኞች አደረጋቸው።

ይህ እንዴት ተፈቀደለት የሚል ሰው ይኖራል። ደራሲ ከሞተ በኋላ ሕግ የወሰነው ዘመን ሲያልፍ ሥራው የሁሉ ሰው ይሆናል፤ ስቲቨንሰን በ1894፣ ቬርን በ1905፣ ስቶከር በ1912 ሞተዋልና ጀግኖቻቸውን ለመዋስ ከልካይ የለም። ገና መብቱ ያልተፈታ ሰው ሲመጣ ግን ሙር ስሙን ሳይጠራ ያልፈዋል። ፉ ማንቹ የሚባለው ቻይናዊ ወንበዴ በመጽሐፉ ውስጥ «ዶክተሩ» ብቻ ነው የሚባለው፤ አንባቢ ግን ማን እንደ ሆነ ወዲያው ያውቀዋል። እንዲህ ያለው የተደበቀ ነገር ከመብዛቱ የተነሣ ጄስ ኔቪንስ የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማብራሪያውን ብቻ ሰብስቦ በ2003 አንድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። የግርጌ ማስታወሻ ለሚጠሉ ጓደኞቻችን ይህ ጥሩ ወሬ እንዳልሆነ እናውቃለን።

አንድ የሚያስቅ ነገርም እንጨምር። መጽሐፉ የዘመኑን መልክ እንዲይዝ ከቪክቶሪያ ዘመን ጋዜጣ የተወሰዱ እውነተኛ ማስታወቂያዎች በመካከሉ ገብተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ «ማርቭል» የሚባል ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሆነ፤ ማርቭል ደግሞ የአሳታሚው የዲሲ ዋና ተፎካካሪ ኩባንያ ስም ነው። የኩባንያው አለቃ ክስ ይመጣብናል ብሎ ስለ ፈራ፣ ታትሞ የነበረው አምስተኛው እትም በሙሉ እንዲጠፋና ማስታወቂያው ተለውጦ እንደገና እንዲታተም ተደረገ። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ማስታወቂያ የዛሬን ነጋዴ ማስደንገጡ ለእኛ ከልብ ወለዱ የማያንስ ልብ ወለድ ሆኖብናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በመጀመሪያው ክፍል ሚና መሪ በመንግሥት ታዝዛ ማኅበርተኞቹን ትሰበስባለች። ባሏን ፈትታለች፤ በአንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በቀይ ስካርፍ ትሸፍናለች። ማኅበሩ የወንዶች ስም ተሰጥቶት መሪው ሴት መሆኗን ልብ በሉልን። ኳተርሜንን ካይሮ ውስጥ በኦፒየም ጢስ ደንዝዞ፣ ከስቶና ቆሽሾ ታገኘዋለች፤ ኔሞ ሁለቱንም በመርከቡ ይወስዳቸዋል፤ ሃይድን ፓሪስ ላይ ይይዙታል፤ የማይታየውን ሰውም ለንደን አጠገብ ያገኙታል። ሥራቸው አንድ ነው። ካቮራይት የሚባል፣ ማናቸውንም ክብደት ሽቅብ እንዲበርር የሚያደርግ ነገር አለ፤ እርሱን ዶክተሩ የተባለው ወንበዴ ሰርቆታልና ወደ መንግሥት እንዲመልሱት ይታዘዛሉ። እነርሱም በብዙ ድካም ቀምተው ለአለቃቸው ያስረክባሉ። አለቃቸው «ኤም» በሚል ፊደል ብቻ የሚጠራ ሰው ነው። ይህ ኤም ማን ሆኖ ይገኛል? የሼርሎክ ሆልምስ ዋና ጠላት፣ የወንበዴዎች ሁሉ አባት፣ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ነው። ካቮራይቱን በአየር መርከብ ላይ ገጥሞ፣ ባላጋራውን አጠፋለሁ ብሎ የድኾች ሰፈር በሆነው በምሥራቅ ለንደን ላይ ቦምብ ያዘንባል። ጀግኖቹ ለአገር የሠሩ መስሏቸው መሣሪያውን በገዛ እጃቸው ለወንበዴ አቀብለዋል። በመጨረሻ ሞሪያርቲ ካቮራይቱን እንዳቀፈ ወደ ሰማይ ወደቀ። ወደ ላይ የሚወድቅ ሰው በሌላ መጽሐፍ አላየንም።

ይህን መጽሐፍ በብርቱ እንድናስብበት ያደረገን በክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ሙሉ የቆዩ የእንግሊዝ የጀብዱ መጽሐፎች አሉ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምረን እንግሊዝኛችንን ያሻሻልነው በእነርሱ ነው። አንዳንዶቻችን እነዚህ መጽሐፎች ከመደርደሪያው ይውረዱ አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ነጩ ሰው ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ ጥቁሩ ሰው ዕቃ ይሸከማል፤ ወይም ለጌታው ሲል ይሞታል። እኛም ልጆች ሳለን መጽሐፉን ስናነብ ራሳችንን የምናስበው ከጠመንጃው ጋር ነበር፤ ከሸክሙ ጋር ያሰበ ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም። ይህ ነገር በክርክሩ ላይ በተነገረ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሌሎቻችን ደግሞ የወደድነውን መጽሐፍ እንዴት እንጥላለን ብለን ተከራከርን፤ ነገር ግን መውደዳችንን ከመናገር በቀር ጥሩ መልስ አልነበረንም።

መልሱን ያገኘነው የሙርንና የኦኒልን ሥራ ከቀድሞዎቹ መጽሐፎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን ባነበብን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ሲያዩት ደራሲው የቀድሞዎቹን ጀግኖች ለማዋረድ የተነሣ ይመስላል፤ አዳኙን ሱሰኛ፣ ሳይንቲስቱን አራዊት፣ መንግሥታቸውን ሌባ አድርጓልና። ተመልሰን አሮጌዎቹን ስናነብ ግን ነገሩ ሁሉ ከዚያው የተቀዳ ሆኖ አገኘነው።

ኳተርሜንን እንውሰድ። ፊልሞቹ ትከሻው ሰፊ፣ ልቡ የማይደነግጥ አድርገው ያሳዩታል። በሃጋርድ መጽሐፍ ግን ኳተርሜን ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ መሆኑን፣ ፈሪም መሆኑን በገዛ አፉ ይናገራል። ሙር የሠራው ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረውን አምኖ መቀበል ነው። ሃይድም እንዲሁ ነው። በስቲቨንሰን መጽሐፍ ሃይድ ከጄኪል ያነሰ ቁመት አለው፤ ክፋቱ ገና ብዙ አልተሠራበትምና። በሥዕሉ መጽሐፍ ግን እንደ ግንብ የገዘፈ ነው። ስሕተት አይደለም፤ ከልካይ ሳይኖረው ዓመታት ሲያልፉ ክፋቱ አደገ፣ ጄኪል ደግሞ መነመነ ማለት ነው። ስለ ሚና ደግሞ ስቶከር ራሱ የጻፈውን ተመልከቱ። የሁሉን ማስታወሻ ሰብስባ በመጻፊያ መኪና የምትገለብጠው፣ የባቡሩን ሰዓት በቃሏ የምታውቀው፣ ድራኩላ በየት መንገድ እንደሚሸሽ አስባ የምትደርስበት እርስዋ ናት። ወንዶቹ ግን ለአንቺ የሚከብድ ነገር ነው ብለው ከምክራቸው አገለሏት፤ በዚያው ሰሞን ድራኩላ ብቻዋን አገኛት። እንግዲህ ሚናን መሪ ያደረጋት የ1999ኙ መጽሐፍ ነው ወይስ የ1897ቱ? በክፍላችን ያሉት ልጃገረዶች መልሱን ከእኛ ከወንዶቹ ቀድመው አግኝተውት እንደ ነበረ መመስከር አለብን።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምንወደው ኔሞን ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ ብንቆይ ታገሡን።

ኔሞ በላቲን «ማንም» ማለት ነው፤ ስም የሌለው ሰው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ አንድ አውሮፓዊ አድርጎ ነው፤ በ1954 በወጣው የዋልት ዲስኒ ፊልምም ጀምስ ሜሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሆኖ ተጫውቶታል። ቬርን በመጀመሪያ ያሰበው ኔሞን የፖላንድ መኳንንት ሊያደርገው፣ በ1863 የፖላንድን ዐመፅ በደም ባጠፋችው በሩሲያ ላይ ሊያስነሣው ነበር። አሳታሚው ኤትዜል ግን ሩሲያን እናስቀይማለን ብሎ ስላልፈቀደ፣ የኔሞ አገር ሳይነገር ቀረ። ሆኖም በዚያው በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ምልክት ትቶልናል። በሴሎን ባሕር ውስጥ አንድ ዕንቍ ለቃሚ ሕንዳዊ ድኻ ሻርክ ሊበላው ሲል ኔሞ ራሱን ለሞት ሰጥቶ ያድነዋል፤ ከኪሱም ዕንቍ አውጥቶ ይሰጠዋል። ለምን እንዲህ አደረግህ ሲሉት፣ ይህ ሰው የተጨቆነ አገር ልጅ ነው፤ እኔም እስክሞት ድረስ የዚያ አገር ሰው ነኝ የሚል መልስ ይሰጣል። አንባቢ ሁሉ በዚህ ገጽ ላይ ያልፋል፤ የሻርኩ ነገር ያስጎመጀዋልና ቃሉን አይሰማውም።

ቬርን ምስጢሩን የገለጠው በ1874ና በ1875 ባሳተመው «ምስጢራዊቱ ደሴት» በተባለው መጽሐፍ ነው። ኔሞ የሕንድ ልዑል ነው፤ ስሙ ዳካር፣ አገሩ ቡንደልካንድ ነው። አባቱ ገና በ10 ዓመቱ ወደ አውሮፓ ላከው፤ እስከ 30 ዓመቱም ሳይንሱን፣ ቋንቋውንና ጥበቡን ሁሉ ተማረ። የተላከው ተምሮ ተመልሶ አገሩን ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር እንዲያስተካክል ነበር። በ1857 ሕንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ ልዑሉ ከፊተኞቹ ጋር ተሰለፈ፤ ዐመፁ ተሸነፈ፤ ቤተ ሰቦቹ አለቁ። እርሱም የተማረውን ሁሉ ሰብስቦ መርከቡን ሠራና ከየብስ ተለየ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጅን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት መላክ ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የዳካር አባት ያሰበውን እናንተም አስባችሁታል። ስለዚህ ይህን ገጽ እኛ የምናነበው አንድ የለንደን ልጅ እንደሚያነበው ሆነን አይደለም።

ኦኒል ኔሞን ሲሥለው ጥምጥሙን፣ ጺሙንና የሕንድ ልብሱን መለሰለት፤ መርከቡንም የባሕር አውሬ አስመሰለው። በማኅበሩ ውስጥ ኔሞ ከእንግሊዞች ጋር ቢሠራም አንድ ቀን እንኳ አይወዳቸውም። አንዳንድ ሰዎች ይህን አዲስ ፈጠራ ነው፣ ለዘመኑ አስተሳሰብ ማስደሰቻ ነው ይላሉ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ በመጽሐፍ ተጽፎ የቆየ ነገር እንዴት አዲስ ይሆናል?

እዚህ ላይ ስለ ገዛ አገራችን አንድ ነገር ካልተናገርን የተደበቀ ነገር ይሆናል። የቪክቶሪያ ዘመን የጀብዱ መጽሐፍ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለእንግሊዝ ወንዶች ልጆች ብዙ የጦርነት ልብ ወለዶችን በመጻፍ የታወቀው ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ፣ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የጋዜጣ ወኪል ሆኖ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ስለ ዘመቻውም መጽሐፍ አሳትሟል። በኋላ በአፍሪካ ጉዞው ስሙ የገነነው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊም ለአሜሪካ ጋዜጣ ሊጽፍ በዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበረ። ጦሩ ሲመለስ ከዳግማዊ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤት ከተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ጋር የ7 ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄደ። ልዑሉ በእንግሊዝ አገር ራግቢ በሚባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1879 በተወለደ በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። 18 ዓመት የእኛ ዕድሜ ነው። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውም ልመና በ2023 ተቀባይነት አላገኘም። ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡት ልጆች የሄንቲን ዓይነት መጽሐፍ እያነበቡ ሲደሰቱ፣ እርሱ በየትኛው ወገን ሆኖ ያነብ ይሆን እያልን ተነጋግረናል።

ስለ ሃጋርድም እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሃጋርድ በ19 ዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለእንግሊዝ አገዛዝ ያገለገለ ሰው ነው፤ በ1877 በፕሪቶሪያ የእንግሊዝ ባንዲራ ሲሰቀል እጁ ነበረበት። በመጽሐፉ ውስጥ በጥቁሮች አገር የተገኘውን ታላቅ መንገድና የማዕድን ጉድጓድ ለንጉሥ ሰሎሞን ይሰጠዋል፤ ተራሮቹንም በንግሥተ ሳባ ስም ይጠራቸዋል፤ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ሠሩት ብሎ ለማሰብ አልፈለገም። ንግሥተ ሳባን የራሳችን አድርገን ላደግነው ለእኛ ይህ ስም በዚያ ቦታ መገኘቱ እንግዳ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኡምቦፓ የሚባል አሽከር አለ። ዕቃ ተሸክሞ ከነጮቹ ጋር በረሃውን ያቋርጣል፤ በመጨረሻ ግን የዚያ አገር እውነተኛ ንጉሥ፣ ኢግኖሲ፣ ሆኖ ይገኛል። ነጮቹን ሲሰናበታቸውም ከእንግዲህ ጠመንጃና መጠጥ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ለሚከተሉትም ነጮች መንገድ የሚጠርግ ሰባኪ ተራራውን አልፎ አይመጣብኝም ይላቸዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርነው ለእኛ የሰባኪው ነገር ትንሽ ቢያስነጥሰንም፣ ንጉሡ የሚናገረውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው መሆኑን አንክድም። ለአገዛዙ ባንዲራ የሰቀለው ሃጋርድ ይህን ቃል በአንድ አፍሪካዊ ንጉሥ አፍ አኖረው። መጽሐፉን ከመደርደሪያው ብናወርደው ኢግኖሲም አብሮ ይወርዳል።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ሁለተኛው ክፍል በ2002ና በ2003 ወጣ፤ ነገሩም በ1898 ዌልስ የጻፈው የማርስ ሰዎች ወረራ ነው። የማይታየው ሰው ለማርስ ሰዎች ይሰልላል፤ ሃይድ ይበቀለዋል፤ ከዚያም በቴምዝ ድልድይ ላይ ብቻውን ከማርስ ሰዎች መኪና ጋር ተዋግቶ ይሞታል። ሙር እንደ ቀልድ አድርጎ በለንደን ያለው ሃይድ ፓርክ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው ይላል። በዌልስ መጽሐፍ የማርስ ሰዎች የሚሞቱት በዐይን በማትታይ ተራ ተሕዋስያን ነው። በዚህኛው ግን መንግሥት ዶክተር ሞሮ ዘንድ ሰው ልኮ የአባ ሰንጋን ተሕዋስያን ከሌላ በሽታ ጋር አዳቅሎ ያሠራውን መርዝ ያስመጣና፣ ገና ነዋሪዎች ባሉበት በለንደን ሠፈር ላይ ይተኩሰዋል። የማርስ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱ ጋር ሰዎችም አለቁ። ለሕዝቡ የሚነገረው ግን የማርስ ሰዎች በጉንፋን እንደ ሞቱ፣ ሰዎቹ ደግሞ በማርስ ሰዎች እጅ እንደ ሞቱ ነው። ኔሞ ይህን በሰማ ጊዜ ዳግመኛ አትፈልጉኝ ብሎ መርከቡን አስነሥቶ ይሄዳል። ከአምስቱ ማኅበርተኞች ይህን መንግሥት ከመጀመሪያው ያላመነው እርሱ ብቻ ነበር፤ ለምን እንዳላመነም ከላይ ነግረናችኋል።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም አንልም፤ እንዲያውም ሁለት ቦታ ላይ በብርቱ ቅር ብሎናል። ካይሮ ላይ የሚታዩት ግብፃውያን ሴት ሲያዩ የሚዘልሉ ብልሹዎች ናቸው፤ በለንደን ያለው የቻይኖች ሠፈር ደግሞ የጢስና የቢላዋ ሠፈር ነው፤ ዶክተሩም ያው የቀድሞው ክፉ ቻይናዊ ነው። ለደራሲው የሚሟገቱ ሰዎች ይህ የቪክቶሪያ ዘመን መጽሐፎችን ንቀት ለማላገጥ የተደረገ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኔሞን ከጥምጥሙ ጋር ሰው አድርጎ መመለስ የቻለ እጅ፣ አንድ ቻይናዊ ወይም አንድ ግብፃዊ ሰው አድርጎ መሣል እንዴት አቃተው? ማላገጥ የሚያስቀው ላላገጡበት ሰዎች ካልሆነ፣ የሚያስቀው ለቀድሞዎቹ ሳቂዎች ነው። አንድ ነገር ግን በበጎ እናነሣለን። በእነዚህ ገጾች ዐረቦቹ በዐረብኛ ፊደል፣ ቻይኖቹም በቻይንኛ ፊደል ይናገራሉ፤ ትርጉም አልተጻፈም። እንግሊዛዊው አንባቢ አንድ ጊዜ እንኳ ምን እንደሚባል ሳይገባው ገጹን መግለጥ ግድ ሆነበት። በማያውቀው ቋንቋ ተከብቦ መቆም ምን እንደሚመስል እኛ አንደኛ ክፍል እያለን ጀምረን እናውቀዋለን፤ ለእርሱም ትምህርት ይሁነው።

ከዚያ በኋላ የወጡት ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ በ2007፣ ከ2009 እስከ 2012፣ ከ2013 እስከ 2015፣ በመጨረሻም በ2018ና በ2019። ታሪኩ እስከ እኛ ዘመን ይወርዳል፤ የኔሞ ልጅ ጃኒም የአባቷን መርከብ ወርሳ የራሷ ሦስት መጽሐፎች አሏት። እውነቱን ለመናገር እነዚህ እንደ ፊተኞቹ አልያዙንም። የተደበቀ ስም መፈለግ ከታሪኩ ይልቅ እየበዛ ሄደ፤ ለዐይን የሚያሳፍረውም ነገር ጨመረ። በ2003 የወጣው ፊልም ደግሞ የሚናን መሪነት ወስዶ ሾን ኮኔሪ ለተጫወተው ለኳተርሜን ሰጠው፤ የአሜሪካኑን ቶም ሶየርንም ያለ ምክንያት ጨመረበት። ኔሞን ግን ናስሩዲን ሻህ የሚባል ሕንዳዊ ተዋናይ ተጫውቶታልና በዚህ እናመሰግነዋለን።

አሁን ልመናችንን እናቅርብ። በቤተ መጻሕፍታችን የቬርን «ሃያ ሺሕ ማይል በባሕር ውስጥ» አለ፤ ገጾቹ ከብዙ መነበብ የተነሣ ላልተዋል፤ ሽፋኑም በፕላስተር ተጣብቋል። «ምስጢራዊቱ ደሴት» ግን የለም። ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ቤት ተምሮ የወጣ ሁሉ ኔሞን የሚያውቀው ስም እንደሌለው ሰው አድርጎ ነው፤ ልዑል ዳካር ማን እንደ ሆነ ሳይሰማ ወጥቷል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለመሰናበቻ በዓል ካዋጣነው ገንዘብ ከፍለን አንድ ቅጂ ለመግዛት ወስነናል። አንድ ቅጂ ግን ለአንድ ክፍል እንኳ አይበቃም፤ ወላጆች ሁለት ወይም ሦስት ቢጨምሩልን ከአሮጌው መጽሐፍ አጠገብ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጡ ከቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ጋር ተስማምተናል። መዋጮውን የሚቀበሉት በር ላይ የተቀመጡት ሁለት ጓደኞቻችን ናቸው።